ሊማሊሞ ከጋቢና ሲታይ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከጎንደር ተነሥቼ፣ ደባርቅን አልፌ፣ ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ መድረሴን በስልክ ስነግርዎ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ፍሬኑ ነበር። ስለ አገሩ መልክ ግን በስልክ መናገር ስላልሆነልኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እርስዎ በዚያ መንገድ ጭነት ሲያመላልሱ በኖሩበት ዘመን ሊማሊሞ ለእኛ ለልጆችዎ የማርሽና የፍሬን ወሬ ብቻ ነበር። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ እንደሚገባ ያስተማሩኝን ሳልረሳ፣ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዝልኝ አድርጌ ወረድሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የሠራው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚያሽቆለቁል፣ መሪ የጨበጠ ሰው ቀና ብሎ ለማየት ፋታ እንደሌለው አሁን ገባኝ፤ ስለዚህ ቦታው ሰፋ ባለ ቁጥር ጥግ ይዤ እየቆምሁ አየሁት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበውን የእሳተ ገሞራ ዐለት ውኃ ሲቦረቡረው ኖሮ፣ የየዘመኑ ንብብር ከገደሉ ፊት ላይ እንደ ጥለት ተጋድሞ ይታያል። ደባርቅ ላይ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር፤ ዛሪማ ስደርስ ግን መስኮቱን ሁሉ ከፍቼም አላበኝ።

በመልሴ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎራ ብዬ ነበር። ሳንቃ በር አጠገብ ያገኘኋቸው ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሌሉት፣ ሰው መጣ ብለው አልሸሹም። ጋማው እስከ ክንዱ የወረደ አንድ አውራ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክቱ እየታየ፣ ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ ይጎርስና፣ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሲመሽ ሁሉም ለማደሪያቸው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ እኛ በማርሽ የምንጨነቅበትን እነርሱ ግልገሎቻቸውን አዝለው!

እንግዲህ የምለምንዎ፣ ክረምቱ አልፎ ጉሙ ሲገለጥ፣ በጥቅምት አብረን እንድንሄድ ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አስቀድመን ሐኪምዎን እናማክራለን፤ የምናድረውም ደባርቅ ይሆናል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ሳንቃ በር የምንወጣው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ቀን ብቻ ነው። መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ጋቢና ተቀምጠው ያን ሁሉ ዘመን ያላዩትን ያያሉ። ቁልቁለቱ ላይ እግርዎ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ቢረግጥ አልቀየምም። የሚመችዎትን ሳምንት ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ