ይድረስ ለልጄ፦ «አይዞሽ» ስልሽ አፍሽን ዘግቼው ነበር

የኔ ሚጡ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ?

ማክሰኞ ማታ ስንደዋወል ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» አልሽኝ። እኔ የጠየቅኩሽ አንዴ ነው። ስልኩ እንደተዘጋ እናትሽ «ልጅቷ ደህና አይደለችም» አለች። በማግስቱ ወንድምሽ የጻፍሽለትን አሳየኝ። አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ሰርከሱ ላይ ተወርውረሽ አየር ላይ ስትገለበጪ ድንገት ላይና ታቹ ይጠፋብሻል። ትርኢቱ ሊጀመር ሲል እጅሽ ይቀዘቅዛል። ሌሊት እንቅልፍ አይወስድሽም።

በ13 ዓመትሽ ከልምምድ መጥተሽ «አባዬ፣ ከላይ ስሆን እፈራለሁ» ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ የሯጭ ልጅ ነሽ» ብዬ ሸኘሁሽ። በሳምንቱ ወድቀሽ የእጅ አንጓሽ ተሰበረ። ስብራቱ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን ፈራሁ ብለሽኝ አታውቂም። አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው። እናቴ ስትለኝ ያሳርፈኝ ነበር። እኔ ግን የተጠቀምኩበት ወሬውን ቶሎ ለመጨረስ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።

ደግሞ የሚሰማሽ ነገር ስም አለው። ጂምናስቲክ የሚሠሩ አሜሪካኖች «ትዊስቲስ» ይሉታል። ሰውነት አየር ላይ እየተሽከረከረ አእምሮ የት እንዳለ ይጠፋዋል። አሜሪካዊቷን የጂምናስቲክ ኮከብ ሲሞን ባይልስን ግድግዳሽ ላይ ለጥፈሻት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሁለት ዙር ተኩል ልትሽከረከር ዘልላ አንድ ተኩል ላይ ቀረባት። ወዲያው ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች። ስንቱ ሰው «ፈሪ» አላት! ሳምንት ቆይታ ቀጭኑ የሚዛን እንጨት ላይ በሚሠራው ውድድር ተወዳደረች። አወራረዷን ቀይራ፣ መሽከርከሩን አውጥታለት ነበር። ነሐስ ወሰደች። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገሯን አላቆመችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። ያን ቀን ቶኪዮ ላይ ጥርሷን ነክሳ ቀጥላ ቢሆን ኖሮ አንገቷ ሊሰበር ይችል ነበር።

ስለ ራሴም ያልነገርኩሽ አለ።

በ1997 ዓ.ም. አንቺ ገና ሁለት ዓመትሽ ነበር። እኔ ክለብ ውስጥ እሮጣለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ ዓለም ተጫለ ልምምድ ላይ ወድቃ አረፈች። አብረው እየሮጡ ነበር። ሁለት ወር ከግማሽ ያህል ቆይቶ ቀነኒሳ ፈረንሳይ፣ ሴንት ኤቲን ላይ የዓለም አገር አቋራጩን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። እኛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን አለቀስን። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ተባባልን። ልጁ ሌሊት ይተኛ ይሆን ብሎ የጠየቀ ከመሃላችን አልነበረም። እኔም ሐዘን ማለት ሮጠሽ የምታመልጪው ነገር መሰለኝ።

በዓመቱ የተረከዜ ጅማት ተጎዳና ክለቡ አሰናበተኝ። አንቺ የምታውቂው እዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ከአልጋ አልወረድኩም ማለት ይቻላል። አንድ ጓደኛዬ ሐኪም ላሳይህ ሲለኝ ተጣላሁት። «አማኑኤል ገባ» እንዳልባል ፈራሁ። እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ አሳረፈኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ለሐኪምም መናገር ነበረብኝ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እንዲያ ባደርግ ኖሮ አራተኛ ዓመት ልደትሽን በብርድ ልብስ ተሸፍኜ አላሳልፈውም ነበር።

ያንቺ ሥራ ከእኔ ይከብዳል። ሯጭ ሲከፋው ውድድር ይሸነፋል፣ በቃ። አንቺ በየማታው ትሠሪያለሽ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ፈገግታውም የሥራሽ ክፍል ነው። የሚወረውርሽ ልጅ ሕይወትሽን በእጁ ይዟል። አብሮሽ ይሠራል፣ አብሮሽ ይበላል፣ ጎረቤትሽም እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ንገሪው። አእምሮሽ እዚያ እንደሌለ ካላወቀ እንዴት አድርጎ ይይዝሻል? ቀጥሎ ለአሠልጣኝሽ። ከባዱን ተዉትና ወፍራም ፍራሽ ላይ ከቀላሉ ጀምሩ። የቡድናችሁን ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያገናኝሽ ጠይቂው። ጀርመንኛው ከከበደሽ በቪዲዮ በአማርኛ የምታነጋግር ባለሙያ አግኝቻለሁ፤ ስልኳን ወንድምሽ ይልክልሻል።

እናትሽ ይህንንም ጻፍ ብላኛለች፦ ለመወርወር ቀላል ልሁን ብለሽ ምግብ እየቀነስሽ ከሆነና የወር አበባሽ ከቀረ ለሐኪም ተናገሪ። ሰውነት ለሚሠራው ሥራ የሚበቃ ምግብ ሲያጣ አጥንትም ይሳሳል፣ ስሜትም ይረበሻል። እኔ ላፍር እችላለሁ፣ አንቺ ግን አትፈሪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ካልሠራሽ እንደማይከፈልሽ አውቃለሁ። መኖሪያ ፈቃድሽም በኮንትራቱ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የያዘሽ እኛ ነን ብዬ እፈራለሁ። የቤቱን ጣሪያ ያስቀየርሽው አንቺ ነሽ። የወንድምሽን ክፍያ የምትችይው አንቺ ነሽ። እኔም ሰፈር ውስጥ ስምሽን እየጠራሁ ስኩራራ ከርሜያለሁ፤ ይሄም ሸክም እንደሆነብሽ አሁን ነው የገባኝ። እስከ ክረምት ምንም አትላኪ። የወንድምሽን የዘንድሮ ክፍያ ጨርሰናል። የእህል ወፍጮው ቤት የሒሳብ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ እናትሽም ዕቁቧ ደርሷታል። ኮንትራቱን ትተሽ ልምጣ ብትዪም ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ ፖስተሮችሽን አላነሳናቸውም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ»ን ዝለያትና ከዚያ ቀጥሎ ካለው ጀምሪልኝ። እስክትጨርሺ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

አባትሽ