አባዬ፣ በስልክ ለጠየቅከኝ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እህቴ የደም ግፊት ኪኒንህን አንድ ቀን ትውጣለህ፣ አንድ ቀን ትዘላለህ አለችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ግፊቱ ካልተስተካከለ የልብህ ቀዶ ሕክምና ይተላለፋል ብሏል። ከተላለፈ ደግሞ አውቅሃለሁ፣ «እንዲያውም ተሽሎኛል» ብለህ ትቀራለህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ፈተናዋን አልፋለች፣ ፊዚክስ ላይ ትንሽ ብትንገዳገድም። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ፎቶ ልኮልሃል። ደርሶሃል? ካልተከፈተልህ እህቴ ታሳይሃለች። «አያቴ ሲያየኝ ይስቃል» እያለ ነው የሰነበተው። እናታቸውም ሰላም በልልኝ ብላለች። አዎ፣ አሁንም እንደዋወላለን።

ባለፈው በስልክ የጠየቅከኝን ሳልመልስልህ ቀረሁ። ስለ አንድ ዘፋኝ ዜና ሰምተህ፣ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ «እነዚህ ታዋቂዎቹ እንዲህ በአደባባይ ጌይ ነኝ ሲሉ፣ ለእናንተ ለተራዎቹ ይጠቅማል?» አልከኝ። እኔም ወሬ ቀይሬ ስለ ኪኒንህ ጠየቅኩህ። «ለእናንተ» ስትል ነው የደነገጥኩት። ጌይ መሆኔን ከነገርኩህ ቀን ወዲህ ይህን ነገር አንስተህ እኔን ከውስጡ ስትቆጥረኝ ሰምቼ አላውቅም።

አጭሩ መልስ ይጠቅማል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ዞሮ ዞሮ አንተ ጋ ይመጣል፣ ስለዚህ ታገሠኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

የቴኒስ ተጫዋቿን ማርቲና ናቭራቲሎቫን ታስታውሳታለህ። እንዴት ትረሳታለህ! በ1990 ዊምብልደንን ለ9ኛ ጊዜ ስታሸንፍ ከወንበርህ ተነስተህ ነው ያጨበጨብከው። በ18 ዓመቷ አገሯን ጥላ መውጣቷን ለእንግዳ ሁሉ ትተርክ ነበር። ሴት እንደምታፈቅር ደግሞ በ1981 በጋዜጣ ከወጣ ቆይቷል፣ ሁሉም ያውቃል። የዚያን ቀን አጎቴ ስለሷ አንድ ቆሻሻ ነገር ተናገረ። አንተ ዓይንህን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «እኔ የማየው ራኬቷን ነው፣ አልጋዋን አይደለም» አልከው። እኔ እግርህ ሥር ተቀምጬ ነበር። ያቺን ንግግር ይዣት አደግኩ።

እና ጥቅሙ እንዲህ ነው አባዬ። ታዋቂ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ዜናው በየሳሎኑ ይገባል። ከነዚያ ሳሎኖች ባንዱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ አለ። ልጁ ቴሌቪዥኑን አያይም፣ የሚያየው እናንተን ነው። ማን ሳቀ? ማን ፊቱን አጨማደደ? ማን ቻናል ቀየረ? ከፍ ስንል ደግሞ ሆን ብለን ስም እንጥላለን። «እገሌ እኮ ጌይ ነኝ አለ» እንልና ስልካችንን እየነካካን እንጠብቃለን። እንደ ቴርሞሜትር ነው። የሌላ ሰው ስም ቤቱ ብብት ውስጥ ሸጎጥ ታደርግና ቁጥሩን ታነባለህ። ጥሩ ካሳየህ ትናገራለህ፣ መጥፎ ካሳየህ አፍህን ዘግተህ ሌላ ዓመት ትከርማለህ።

ለኔ ጥሩ ቁጥር ነበር ያሳየኝ። ስለዚህ ነገርኩህ። ማርቲናንም ጠቅሼልህ ነበር።

«እሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት። አንተ ግን የኔ ነህ» አልከኝ።

ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት! አንዳንዴ ፈርተህልኝ ነው እላለሁ። ሥራ እንዳላጣ፣ ሰው እንዳይደበድበኝ፣ ብቻዬን እንዳላረጅ። እንደዚያ ከሆነ ምነው «ፈራሁልህ» ብለኸኝ ቢሆን? አንዲት ቃል እኮ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለህ ነው እላለሁ፣ ያኔ ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሰርጌ ላይ ከሁሉ በላይ የጨፈርከው አንተ ነበርክ። ጌይ የሆነው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልተን ጆንም በ1984 ሴት አግብቶ ነበር፣ በ1988 ተፋቱ። እኔ ከሱ በላይ ቆይቻለሁ። ልጆቹን አግኝቻለሁና ስለነሱ ክፉ አይወጣኝም። እናታቸው ግን የአንተንና የኔን ዕዳ የምትከፍልበት ምክንያት አልነበራትም። አንድ ቀን ይህን አንተው ራስህ ብትነግራት ደስ ይለኛል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ታዋቂዎቹ ምንም አልከፈሉም ብለህ እንዳታስብ። አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ኤለን ዲጄኔረስ በ1997 በቴሌቪዥን ኮሜዲ ትርዒቷ ላይ ጌይ መሆኗን ስትናገር 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው አይቷታል። በሚቀጥለው ዓመት ትርዒቱ ተሰረዘ። በ2003 በሌላ ፕሮግራም ተመልሳ ሀብታም ሆነች፣ ሰው የሚያስታውሰው ግን ይህን መመለሷን ነው። ተራው ሰው የሚመለስበት ፕሮግራም የለውም። አከራዩ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» ይለዋል፣ መሥሪያ ቤቱ ውሉን ሳያድስለት ይቀራል፣ ምክንያቱን የሚነግረው ሰው የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ጓደኞቼ የታዋቂ ሰው ዜና በሰሙ ቁጥር የሚበሳጩት። «እሱ ጠበቃና ጠባቂ አለው፣ እኔ ምን አለኝ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንዳንድ አገር ደግሞ ዜናው ለታዋቂው ጭብጨባ ያመጣል፣ በቴሌቪዥኑ ማዶ ለተቀመጠው ጥርጣሬ። ሰዉ ሁሉ ድንገት ማንን ማየት እንዳለበት ይማራልና።

ጀስቲን ፋሻኑ የሚባል ኳስ ተጫዋች ነበር። በእንግሊዝ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ የተዛወረ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። አንተ ለማርቲና ባጨበጨብክበት በዚያው ዓመት ጌይ መሆኑን በጋዜጣ ተናገረ። ወንድሙም ኳስ ተጫዋች ነበር፣ እሱም በጋዜጣ ካደው። በ1998 ጀስቲን የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ከሱ በኋላ በእንግሊዝ እየተጫወተ ያለ ወንድ ፕሮፌሽናል ይህን ደግሞ በአደባባይ ለመናገር እስከ 2022 ቆየ፣ ጄክ ዳንኤልስ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነው። 32 ዓመት ሙሉ ሁሉም የፋሻኑን መጨረሻ አይቶ ዝም ያለ ይመስለኛል። የስታዲየሙ ስድብ የሚጠበቅ ነው። እኔን የሚያመኝ የወንድሙ ነው።

ሌላዋ የቴኒስ ተጫዋችህ ደግሞ፣ ቢሊ ጂን ኪንግ። ሴት እንደምታፈቅር በ1981 በፍርድ ቤት ክስ ሳቢያ ሳትፈልግ ወጣባት። ማስታወቂያ የሚያሠሯት ድርጅቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ጥለዋት ሄዱ። ዓለም ሁሉ አወቀ ማለት ነው። ከገዛ ወላጆቿ ጋር ግን ነገሩን በቅጡ ለማውራት የቻለችው 51 ዓመት ሲሆናት ነው። ከ10 ዓመት በላይ! ስንት ጋዜጠኛ ፊት ቆማ መልሳለች፣ የአባትና የእናቷ ሳሎን ግን ከበዳት። እኔም 51 ልሞላ ሩቅ አይደለሁም።

ይጠቅማል የምለው ግን ለዚህ ነው። ዝነኛው በሩን ያንኳኳል፣ የሚከፍተው የቤቱ ሰው ነው። በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ ጂን ማንፎርድ የምትባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ማንም የማያውቃት ሴት፣ ጌይ ልጇ በሰልፍ ላይ ተደበደበባት። እሷም ከልጇ ጋር ሰልፍ ወጣች፣ ወላጆች ልጆቻችሁን ደግፉ የሚል ጽሑፍ ይዛ። ወጣቶቹ እየሮጡ መጥተው «እባክሽ ወላጆቼን አናግሪልኝ» አሏት። በሚቀጥለው ዓመት የወላጆች ማኅበር ጀመረች። የኤለን እናትም በ1997 ከልጇ ጎን ወጥታ ስለዚሁ ጉዳይ በየቦታው ትናገር ነበር። አባዬ፣ እኔ ሰልፍ ውጣ አልልህም። በዚያ ጉልበት! ያንን የራኬት ንግግር ግን አንድ ጊዜ ለአጎቴ ስለኔ ብትደግመው ከየትኛውም ዘፋኝ ይበልጥ ይጠቅመኝ ነበር። አሁንም ይጠቅመኛል። አጎቴ በሕይወት አለ፣ ጆሮው ትንሽ ከብዷል እንጂ።

አንድ ሰው ልንገርህና ይብቃኝ። ቢንያቫንጋ ዋይናይና የሚባል ኬንያዊ ጸሐፊ ነበር። በ2014፣ ናይጄሪያ በጌይ ሰዎች ላይ ከባድ ሕግ ባወጣች ሰሞን፣ ጌይ መሆኑን በጽሑፍ ገለጸ። የጻፈው ለእናቱ ነው። ያኔ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልትሞት ስትል አልጋዋ አጠገብ ደርሶ እንደነገራት አድርጎ ነው ያሰበው፣ በሕይወት እያለች ግን አልነገራትም። በመላው አፍሪካ ስንት ሰው አነበበው፣ እሷ ብቻ አላነበበችውም።

እኔ ከሱ የምሻለው ነግሬሃለሁና ነው። የሰጠኸኝ መልስ ግን እስካሁን ያው ነው። ደግሞ ይሄ ቀዶ ሕክምና አለ። ሐኪሙ የተለመደ ነው አለኝ። ለሱ የተለመደ ነው። ለኔ ግን አንተን ከሩቅ አገር ሆኖ መጠበቅ... ተወው። እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ።

ፍቅረኛዬም አብሮኝ ይመጣል። ሆስፒታል የሚያደርስህ እሱ ነው፣ አንተ በእኔ አነዳድ አታምንም። ባለፈው ስንመጣ ለጎረቤትህ «የልጄ ሹፌር ነው» ብለህ አስተዋውቀኸው ነበር። እሱ ስቆ አለፈው፣ እኔ ግን ዛሬም አልወጣልኝም። ነርሷ «ይሄስ ማነው?» ማለቷ አይቀርም። ምን እንደምትላት ከወዲሁ አስብበት። «ጓደኛው» ብትል አልቀየምህም። ሹፌር እንዳትለው ብቻ።

ኪኒኑን ከቁርስ በኋላ ዋጠው፣ በባዶ ሆድ አይደለም። የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት መውሰድ አለመውሰድህን እኔ ሐኪሙን ጠይቄ እደውልልሃለሁ።

ልጅህ