የጂቡቲው ቁራ ኮምቦልቻ ሳይደርስ፦ ለደቡብ ወሎ ዞንና ለኮምቦልቻ ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

በደሴና በኮምቦልቻ በየግቢያችን ወፍ የምንከታተል፣ የጎጆ ሳጥንም ሠርተን የምንሰቅል ነዋሪዎች ነን። ግራጫ አንገት ያለው የህንድ ቁራ የሚሌን መንገድ ይዞ ሽቅብ ሳይወጣ ቆሻሻችን እንዲሸፈን፣ በየትምህርት ቤቱ የሚሰቀለው ሳጥንም ልክ እንዲወጣለት እንጠይቃለን።

የቁራው አገር ደቡብ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዛንዚባር ላይ ቆሻሻ ያጸዳል ተብሎ ሆን ተብሎ ተለቀቀ፤ በመርከብም እየተጫነ ሞምባሳ፣ ምጽዋና ጂቡቲ ሰፈረ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሚሊዮን ያህሉን ለማጥፋት ማቀዷን አስታውቃለች። ኮምቦልቻ ደርሷል አንልም። ነገር ግን ከጂቡቲ ወደብ የተነሳ መኪና በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ቁራውም የሚኖረው ሰው ባለበት፣ ትርፍራፊ በተጣለበት ነው። እንቁላልና ጫጩት ይለቅማል።

አሮጌ ጥድ፣ ወይራና ሾላ ተቆርጦ ባህር ዛፍ በተተካበት ሰፈር የግንድ ቀዳዳ የለም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን (የወንዱ ግንባር ቀይ ነው) የምትፈለፍለው በቀዳዳ ውስጥ ነው። ሳጥን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ በደንብ ያልተሠራ ሳጥን ግን የቁራ መሶብ ይሆናል።

ለበቀቀኗ የወለሉ ስፋት 15 በ15 ሳ.ሜ.፣ የመግቢያው ቀዳዳ 5 ሳ.ሜ. ይሁን። ለትናንሽ ወፎች 12 በ12 ወለልና 2.8 ሳ.ሜ. ቀዳዳ ይበቃል። ከቀዳዳው እስከ ወለሉ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. መሆን አለበት፤ ካነሰ ቁራው ውጭ ቆሞ አፉን ሰዶ ጫጩቱን ይጎትታል። ለዚህም ሲባል ከቀዳዳው ሥር መቆሚያ እንጨት ፈጽሞ አይደረግ፤ ወፏ አትፈልገውም፣ የሚጠቀምበት ቁራ ነው። ቀዳዳው ላይ 3 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ተጨማሪ ጣውላ ቢመታ የድመትም እጅ ያጥራል። ጫጩት ቧጥጣ እንድትወጣ የፊቱ ጣውላ በውስጥ በኩል ይጫር፤ ወለሉ ላይም ውሃ የሚያወርዱ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩ።

ጣውላው 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው የፈረንጅ ጥድ ወይም ዋንዛ ይሁን፤ አናጢ ቤት የሚተርፈው ቁራጭ ይበቃል። ኮምፔንሳቶ በክረምት ይላጣል፣ ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮ ብቻውን ጫጩት ይቀቅላል። ቆርቆሮ የሚጠቅመው ግንዱ ላይ ነው፦ 60 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ዙሪያውን ቢጠመጠም አይጥና ድመት አይወጡበትም። ሳጥኑ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊቱን ከከሰዓት ፀሐይና ከዝናብ አዙሮ ይሰቀል።

ንብ ከገባበት አይረጭ፤ ንብ አናቢ በምሽት ወደ ቀፎ ያዛውረዋል። ድንቢጥ ከገባችም የራሳችን ወፍ ናትና ትኑር።

የምንፈራው ሌላም ነገር አለ፦ የማጥፋት ዘመቻ ቢታወጅ የራሳችን ቁራዎች ያልቃሉ። ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነው፣ አፈ ወፍራሙና ማጅራቱ ነጩም የአገራችን ናቸው። መጤው መጠኑ አነስ ያለ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ደረቱ ግራጫ፣ ሌላው አካሉ ጥቁር ነው። መርዝ ሜዳ ላይ ማስቀመጥም ጥንብ አንሳውንና ውሻውን ይጨርሳል።

ስለዚህ የቄራው ተረፈ ምርት በዕለቱ አፈር ይልበስ፤ የከባድ መኪና ማደሪያዎች ክዳን ያለው የቆሻሻ ገንዳ ይኑራቸው። የሳጥኑ ልክ በአንድ ገጽ ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ ይታደል፤ ቀድሞ የተሰቀሉት ሳጥኖች መቆሚያ እንጨታቸው በመጋዝ ይቆረጥ። ግራጫ አንገት ያለው ቁራ ያየ ሰው ፎቶውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን የሚያስመዘግብበት አንድ ስልክ ቁጥርም ይመደብ። ሁለትና ሦስት ሆነው ሳሉ መያዝ ይቻላል፤ መንጋ ከሆኑ በኋላ ኬንያ የገጠማት ሥራ ይጠብቀናል።

ከአክብሮት ጋር፤
በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር ወፍ ተከታታዮች