ስለ ቤት ድረስ ጥሪ ክፍያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያችን ዲሽ ወይም ዋይፋይ ለማየት ቤታችሁ ሲመጣ 400 ብር የመመላለሻ እንድትከፍሉ መወሰናችን ብዙዎቻችሁን ቅር እንዳሰኘ ሰምተናል። በተለይ በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አንድ ቁልፍ ለመጫን 400 ብር» የሚል ጽሑፍ ከወጣ በኋላ፣ ለዓመታት «ወንድሜ» እያሉ ይደውሉልን የነበሩ ሰዎች እንኳ አነጋገራቸው ቀዝቅዟል። ነገሩን አስቀድመን በጽሑፍ ሳናሳውቃችሁ ከባለሙያው አፍ በራችሁ ላይ እንድትሰሙት ማድረጋችን ስህተት ነበርና ይቅርታ እንጠይቃለን። ክፍያውን ግን ወደን አላመጣነውም።

ስለዚያ ቁልፍ የሆነውን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» የሚለው፣ ልጆች በሪሞት ሲጫወቱ ሪሲቨሩ ከተሰካበት ኤችዲኤምአይ አንድ ወደ ኤችዲኤምአይ ሁለት ስለቀየሩት ነበር። ባለሙያችን አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የሪሞቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲጫን ምስሉ መጣ፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። እዚያ ለመድረስ ግን ከሜክሲኮ ጎሮ ድረስ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ በመንገድ መዘጋጋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶበት፣ የታክሲው ረዳት ለያዘው መሰላልም እንደ አንድ ተሳፋሪ ሒሳብ ተቀብሎት ነበር። የቤቱ እመቤት ቡና አፍልተው ነው የሸኙት፤ ጽሑፉን የጻፈው በዕለቱ ቤት ያልነበረ ሰው መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ነው። ያኔ ከላይ ሆኜ «መጣ?» ስል ከሳሎን «መጣ፣ መጣ... አይ ሄደ!» የሚል መልስ እየሰማሁ ሳህኑን በጣት ያህል እያንቀሳቀስኩ ነበር የምሠራው፤ ከእናንተ መካከል ያን ጊዜ መልሱን የሚጮሁልኝ ልጆች የነበሩና ዛሬ የራሳቸውን ቤት ዲሽ የሚያስተክሉን አሉ። የአገራችን ቻናሎች ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ወደ ምዕራብ የዞረውን ሳህን ወደ ምሥራቅ ለማዞር ሌሊት በባትሪ ብርሃን ጭምር ስንሠራ፣ ለቆዩ ደንበኞቻችን የእጅ ዋጋ ሳንጠይቅ ያለፍንባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ «ገንዘብ ወዳድ ሆኑ» የሚለው ቃል ስላመመኝ ነው።

ጥሪ በነፃ ማስተናገድ ይቻለን የነበረው ወጪያችን ሲፈቅድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማው በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ሲያደርግ ሁለቱን ሞተሮቻችንን ሸጠን በታክሲ መመላለስ ጀመርን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ኬብሉም፣ ኤልኤንቢውም (ሳህኑ ፊት ለፊት የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ)፣ ራውተሩም ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ተሻግሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የመትከያ ዋጋችንን የጨመርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሦስቱን ሠራተኞቻችንን ደመወዝ ግን ሳንጨምር ልንቆይ አልቻልንም።

ከሁሉ የከበደን ደግሞ ከምንጠራባቸው ብልሽቶች ከግማሽ የሚበልጡት እኛ ከሠራነው ሥራ ጋር ግንኙነት የሌላቸው መሆናቸው ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የሳተላይቱ ሞገድ በውሃው ስለሚዳከም ምስሉ ይቆራረጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል፣ እኛ ግን ነሐሴን በሙሉ በጃንጥላ ስንሮጥ ከረምን። የፋይበሩ ሞደም ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ የተቋረጠው ብዙውን ጊዜ ከቤት ውጭ ነው፤ ያን የሚጠግነው አገልግሎት ሰጪው እንጂ እኛ አይደለንም። ባለፈው ወር ደግሞ «ኢንተርኔቱ መኝታ ቤት አይደርስም» ተብለን ሄደን ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከሳህኖች ጀርባ፣ የዳንቴል ልብስ ለብሶ አገኘነው። አቧራ እንዳይነካው ታስቦ ነው፤ ሰውየውን ልንቆጣ አልቻልንም፣ የታክሲውን ሒሳብ ግን ከየት እናምጣው?

ስለዚህ ክፍያው ይቀጥላል። ሆኖም እኛ በሠራነው ሥራ ላይ በ6 ወር ውስጥ ለሚፈጠር ብልሽት አንዲት ሳንቲም አንጠይቅም፤ ዕቃ የሚቀየር ከሆነም 400 ብሩ ከዕቃው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። ከመምጣታችን በፊት ደውላችሁ የቴሌቪዥኑን ወይም የሞደሙን ፎቶ በቴሌግራም ብትልኩልን፣ በስልክ የሚስተካከለውን በነፃ እናስተካክላለን። ጡረተኞችና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ደንበኞቻችን እንደ ቀድሞው ያለ ክፍያ ይስተናገዳሉ፤ ይህን ከመጀመሪያውም ማሰብ ነበረብን።

በዚህ ምክንያት ወደ ሌላ ባለሙያ የሄዳችሁ ካላችሁ አንቀየምም። ሳህኑ የተተከለበትን ማዕዘንና የኬብሉን መስመር በመዝገባችን ላይ ስለምናገኘው፣ ለእሱም ቢሆን ደውሎ ቢጠይቀን እንነግረዋለን። ብትመለሱ ግን ደስታችን ነው። ስልካችን አልተቀየረም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላም እናነሳለን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ