ለደንበኞቻችን፦ በትንሿ አውሮፕላን ከመሄዳችሁ በፊት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እኛ የአስተርጓሚ ቢሮአችሁ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በራሳችን ጥፋት ምክንያት ነው። ስለዚህ ከጥፋቱ እንጀምር።

ባለፈው መስከረም አንዲት እናታችንን ከነልጃቸው ለሕክምና ወደ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ፣ በበጎ ፈቃደኛ ፓይለት ትንሽ አውሮፕላን ለመላክ ፎርም ሞላን። ክብደታቸውን ስንጠይቃቸው "ዘጠና አምስት" አሉን። እኛም 95 ብለን ጻፍን። እሳቸው የነገሩን በኪሎ ነው፤ ፎርሙ የሚጠይቀው በፓውንድ። 95 ኪሎ ማለት 209 ፓውንድ ነው። ፓይለቱ በዋዜማው ደውሎ ሲያረጋግጥ እንኳ "አዎ፣ ልክ ነው" አልነው። በማግስቱ እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ከመኪና ሲወርዱ ሰውየው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ምንም አላለም። ካልኩሌተሩን አወጣ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሴስና 172 የምትባለው ባለ አራት ወንበር አውሮፕላን ሰው፣ ሻንጣና ነዳጅ ተደምሮ መሸከም የምትችለው ወደ 850 ፓውንድ ነው። የነዳጅ ታንኩ ሲሞላ 53 ጋሎን ገደማ ይይዛል። አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ስለሚመዝን ነዳጁ ብቻውን 318 ፓውንድ ወሰደ ማለት ነው። የሚተርፈው 530 አካባቢ ነው፤ ፓይለቱም የሚቆጠረው ከዚያው ላይ ነው። አራት ወንበር ቢኖራትም አራት ትልልቅ ሰው አትጭንም። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል" የሚባልበት ታክሲ አይደለም። ያን ቀን ፓይለቱ ተሳፋሪዋ ቀላል ናቸው ብሎ ታንኩን ሞልቶ ነበር። ነዳጅ መሙላት ቀላል ነው፤ መቀነስ ግን ጣጣው ብዙ ነው። 15 ጋሎን እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ቆምን። ነዳጁን የገዛው ደግሞ ከኪሱ ነው።

አዎ፣ ከኪሱ። ብዙ ሰው የማያምነን እዚህ ላይ ነው። "ማን ነው በነፃ አውሮፕላን የሚያበርልኝ?" ትሉናላችሁ። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የራሳቸው ትንሽ አውሮፕላን ያላቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ሕመምተኛ የሚያመላልሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ኤንጅል ፍላይት የሚለውን ስም ከሆስፒታል ሶሻል ወርከሮች ሰምታችሁ ይሆናል። ሌሎችም እንደሱ ያሉ ድርጅቶች አሉ። እነሱ ፓይለትና ሕመምተኛ ያገናኛሉ፤ ፓይለቱ አውሮፕላኑንና ጊዜውን ይሰጣል። እኛ የምናስከፍለው እንደ ሁልጊዜው የአስተርጓሚ ሒሳብ ብቻ ነው። ለበረራው ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ካለ አታላይ ነው።

ለፓይለቱም ገንዘብ አትስጡ። የግል ፈቃድ ብቻ ያለው ፓይለት ሰው አሳፍሮ ክፍያ መቀበል በሕግ ተከልክሏል። በፖስታ አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ ብትከቱለት ችግር ውስጥ ነው የምትከቱት። ቁራሽ ድፎ ዳቦ ግን እስካሁን እንቢ ያለ አላየንም።

ይህ አምቡላንስ አይደለም። ነርስ የለም፣ ፓይለቱም ስለ ሕክምና አያውቅም። ስለዚህ ተጓዡ ሕመሙ የተረጋጋ፣ ቀበቶ አስሮ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል መሆን አለበት። ሐኪሙም መብረር ይችላል ብሎ ይፈርማል። መግባቱ ራሱ ሥራ ነው። አንዳንዷ አውሮፕላን ክንፏ ከታች ስለሆነ ክንፉ ላይ ወጥታችሁ ነው የምትገቡት። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ አትደብቁን። ቀድመን ካወቅን ክንፏ ከላይ የሆነች እንድትመደብ እንጠይቃለን።

አሁን ብዙ ቅሬታ ወደሚመጣበት ጉዳይ እንግባ፤ መሰረዝ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታ ፓይለቱ "ዛሬ አልሄድም" ሊል ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛችን "ናቀኝ" ብለው ለሳምንት አኩርፈውናል። ንቀት አይደለም። አውሮፕላኗ ከምትነሳበት ከጌተርስበርግ ወደ ክሊቭላንድ ሲኬድ የአፓላቺያን ተራሮች ይታለፋሉ። በብርዱ ወራት ደመናው ውስጥ ክንፍ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ በረዶውን የሚያራግፉበት መሣሪያ የላቸውም። በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። ፓይለቱ እምቢ ሲል አትለማመጡት። "ቀጠሮዬ ሊያልፍ ነው፣ እባክህን" ብላችሁ አታስጨንቁት። ተለምኖ ከሚነሳ ፓይለት ጋር እኛም ራሳችን አንሳፈርም። ይልቅ ዘመድ ወይም ልጅ መኪናውን ይዞ ዝግጁ ይሁን። በመኪና ስድስት ሰዓት ነው፣ በትንሿ አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መኪናው ከሌለ ቀጠሮውን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሆስፒታሉን አስቀድመን እንጠይቅላችኋለን።

ቡናን በተመለከተ ጠብ አለብን። አውሮፕላኗ ውስጥ ሽንት ቤት የለም። ጠዋት ሦስተኛው ስኒ ድረስ ጠጥታችሁ ከመጣችሁ መንገዱ ረጅም ይሆናል። አንድ ስኒ ይበቃል። ከመሳፈራችሁ በፊትም ባይመጣባችሁም መጸዳጃ ቤት ግቡ። በባዶ ሆድ መሄድም አይመከርም፤ አውሮፕላኗ ቀላል ስለሆነች አየሩ ሲነሳ ትናወጣለች፣ ያቅለሸልሻል። ስኳር ያለባችሁ ጾም ላይ ብትሆኑ ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ጉንፋን ከያዛችሁም ደውሉልን። እንደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የውስጥ አየሯ የታመቀ ስላልሆነ ሲወጣና ሲወርድ የታፈነ ጆሮ ክፉኛ ያማል።

ሁላችሁንም የምንለምናችሁ ነገር ነጠላ ነው። አምጡት፣ ከላይ ስለሚበርድ ይጠቅማል። ግን እስክትቀመጡ ድረስ አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። መንደርደሪያው አካባቢ ነፋስ አለ፤ ነጠላ ደግሞ መብረር ይወዳል። ፕሮፔለሩ ቆሞ ብታዩትም እንዳትጠጉት፣ በፊቱም እንዳታልፉ። ከፓይለቱ ኋላ ኋላ ሂዱ። ሲነሳና ሲያርፍ አታናግሩት፤ ጆሮው ከሬዲዮው ጋር ነው። የሚሰጣችሁን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ከሻሹ በታች አድርጉት። በሻሹ ላይ ከሆነ ጩኸቱ ይገባል።

ሻንጣው ለስላሳ ቦርሳ ይሁን፤ ጠንካራ ሻንጣ ከትንሿ ዕቃ ማስቀመጫ ጋር አይስማማም። ለዘመድ የሚላክ ሽሮና በርበሬ በፖስታ ቤት ይሂድ። እናታችን ያን ቀን የያዙት ቦርሳ 30 ፓውንድ ነበር፤ ግማሹ ዳቦ ቆሎ። መድኃኒትና መታወቂያ ግን እጃችሁ ላይ ይሁን።

አንድ አጃቢ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። እንግሊዝኛ የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ ክብደቱ ከፈቀደ የኛ አስተርጓሚ ሊሄድ ይችላል። ካልሆነ ፓይለቱ የሚላቸውን ነገሮች በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን እንሰጣችኋለን።

ቀጠሮ እንደያዛችሁ ንገሩን። ፓይለት እስኪገኝ፣ ሐኪሙም እስኪፈርም አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ክብደታችሁን ደግሞ ከእንግዲህ በቃል አንቀበልም። ቢሮአችን በር አጠገብ ሚዛን አስቀምጠናል፤ የሚያነበው በፓውንድ ነው። ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ቦርሳችሁንም ይዛችሁ ውጡበት። ቁጥሩን የሚያየው ጸሐፊያችን ብቻ ነው። ለልጆቻችሁም ቢሆን አይነግርም።

አክባሪዎቻችሁ፣
የቢሮው ሠራተኞች