ጥፋቱ የጣትሽ አልነበረም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደኅና ነን። ጎንደርን ዘንድሮ ክረምቱ ከብዶባታል። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ይህን የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወሬው ወደ ሌላ ሄደብኝ።

የአያትሽን ስፒከሮች ታስታውሻቸዋለሽ፤ እነዚያን ከሳሎኑ መስኮት ግራና ቀኝ ይቀመጡ የነበሩትን ባለ እንጨት ሣጥኖች። ስድስት ዓመትሽ ሳለ የአንደኛውን መሐል በጣትሽ ተጭነሽ አሰረጎድሽው። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተበላሸ። እኔም የጣትሽ ሥራ ነው ብዬ ፈረድሁ። የዚያን ዕለት ቁጣዬን ረስተሽው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህን ያበላሸችው እሷ ናት» እያልሁ አወራ ነበር፤ አንቺም አቀርቅረሽ ትወጪ ነበር።

ባለፈው ወር ጣሪያው አፍስሶ ዕቃ ሳሸሽ ሣጥኖቹን አገኘኋቸውና ያንቺን ከቴፑ ጋር አገናኘሁት። አያትሽ በጥምቀት ያስቀዳው የወረብ ካሴት አሁንም አለ። ከበሮው ሲመታ ድምፁ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይንጣጣል፤ ጸናጽሉ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ከበሮውን የሚያሰማው ትልቁ ስፒከር ነው፤ ጸናጽሉን የሚያሰማው ከላይ ያለው ትንሹ ነው። አንድ ጣት ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንደማያሳምም ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ።

አራዳ ወስጄ ያሳየሁት ጠጋኝ ሳይከፍተው «ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ይጣል» አለኝ። ኮይል ማለት ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከሩን ወረቀት የሚገፋው የሽቦ ጥቅል ነው። እኔም ድሮ ሳልመረምር እንደ ፈረድሁ ትዝ አለኝና ተሸክሜው ተመለስሁ።

በመጀመሪያ ትልቁን ከሣጥኑ አውጥቼ ገመዱን ፈታሁና ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ አስነካሁት። ጠቅ ብሎ ወረቀቱ ወደ ፊት ገፋ አለ። የተቃጠለ ኮይል እንዲህ አይልም። ከማግኔቱ ጀርባ 8 ኦም ተጽፏል፣ ኦም ኮይሉ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ቴስተሩ 6.2 አነበበ። ይህ ጤነኛ ነው፣ ቴስተር ከተጻፈው ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ሽቦው ተቆርጦ ቢሆን ምንም ባላነበበ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ከሁለት ወገን በጣቶቼ እኩል ይዤ በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ጆሮዬንም አስጠጋሁ። የመፋቅ ድምፅ የለም። ያንቺ ጣት ኮይሉን አጣሞት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይፋቅ ነበር።

ሕመሙ የተገኘው ጠርዙ ላይ ነው። ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት ገና ስነካው እንደ አመድ ረገፈ። ይህ ዓይነቱ ስፖንጅ ማንም ሳይነካው በዕድሜና በአየሩ እርጥበት ይበሰብሳል፤ ከ15 እስከ 25 ዓመት ቢቆይ ነው። ተነሥቼ አንቺ ጫፉን እንኳ ያልነካሽውን ሁለተኛውን ሣጥን ከፈትሁ። የእሱም ስፖንጅ ረግፏል። ልጄ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። እናትሽ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ መልስ አጣሁ።

ኮይሉ እውነትም ተቃጥሎ ከተጣለ ሌላ ባለ 8 ኢንች ስፒከር የጎማ ቀለበት ላጥሁ። ጎማ እንደ ስፖንጅ አይረግፍም። ቀለበቱ በኮላ ሲጣበቅ ኮይሉ መሐል ላይ መቆም አለበት፤ ስለዚህ መሐሉ ላይ ያለችውን ቆብ፣ ያንቺን ስርጉድ፣ በምላጭ ዙሪያዋን ቆርጬ አነሣኋት። ቆቧ አቧራ እንዳይገባ የምትከልል ስስ ወረቀት ብቻ ናት። ከሥሯ ኮይሉ የተጠቀለለበት ቱቦ አልተጣመመም፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ከአሮጌ የራጅ ፊልም ስስ ቁራጮች ቆርጬ በቱቦውና በመሐሉ ብረት መካከል ሰካሁ፣ ቀለበቱን አጣበቅሁ፣ አንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር አቆይቼ ቁራጮቹን መዘዝሁ። አዲስ ቆብ ማበጀት እችል ነበር። የድሮዋን ከነስርጉዷ መለስኋት።

የትንሹ ነገር አጭር ነው። እሱ ራሱ ደኅና ነበር፤ ከፊቱ ያለው 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ደርቆ ነው። ካፓሲተሩ ወፍራሙን ድምፅ አግቶ ቀጭኑን ብቻ ያሳልፍለታል፤ ያለ እሱ ትንሹን በቀጥታ ከማጉያው ጋር ማገናኘት እሱን መግደል ነው። ትክክለኛውን እዚህ ስላጣሁ ሁለት ባለ 10 ካፓሲተሮችን ማይነስ ከማይነስ አገናኝቼ በየድሁ፤ እንዲህ ሲሆኑ ወደ 5 ይጠጋሉ፣ ፕላስና ማይነስም አይመርጡም።

ሐሙስ ማታ ካሴቱን ከፈትሁት። ከበሮው ሳይንጣጣ ደረቱን ሞልቶ መጣ፣ ጸናጽሉም ከላይ ተንሿሿ። ከጀርባ የአያትሽ ሳል ይሰማል። ይህን ሳል ከዚህ ቀደም ሰምቼው አላውቅም፤ ትንሹ ስፒከር ሲዘጋ አብሮ ተዘግቶ ኖሯል።

ልጄ፣ ያላጠፋሽውን አሸክሜሽ ኖሬአለሁ፤ ይቅር በይኝ። ያን ወሬ የሰሙትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየጠራሁ እውነቱን ነግሬአቸዋለሁ። ቡና ላይ ነው የነገርኋቸው፣ እናትሽም ምስክር ናት።

ሁለተኛው ገና አልተሠራም። ለጥምቀት ስትመጪ ከመርካቶ ለባለ 8 ኢንች የሚሆን የጎማ ቀለበትና ሁለት ባለ 4.7 ካፓሲተር ይዘሽልኝ ነይ። 50 ቮልት ይበቃል። ፕላስና ማይነስ የሌለውን በያቸው፤ ከጎኑ የማይነስ መስመር ካለበት እሱ አይደለም፣ መልሺላቸው።

አባትሽ
ከጎንደር