ያ ላብ

እናትዬ፣ እንዴት ነሽ? በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አምቡላንስ ላይ ልሠራ ነው ስትዪኝ ደስ እንዳላለኝ ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር የታችኛው ብሎክ ጎረቤታችንን ከአራተኛ ፎቅ ሲያወርዷቸው ቆሜ አየሁ። እንደምታውቂው ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ አንስተው አሳለፉት። ከፊት የያዘችው ልጅ ያንቺ እኩያ ናት። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። በሥራሽ የኮራሁት ያኔ ነው። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ላብሽ የድካም ይሁን የስኳር መውረድ፣ ማን ይለየዋል? እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ከብዷት ነው ይላሉ።

አብሮሽ ተረኛ የሚሆነው ልጅ ስኳር እንዳለብሽ አያውቅም አልሽኝ። ለምን እንደምትደብቂ አውቃለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሽ አንድ አስተማሪ ብስኩትሽን ነጥቆ ክፍሉ ፊት አቆመሽ። ከዚያ ወዲህ መርፌሽን ሽንት ቤት ገብተሽ ነው የምትወጊው። ያኔ ሄጄ ማስረዳት ነበረብኝ። «ሰው ምን ይላል» ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።

ጋሪ ሆል ጁኒየር የሚባል አሜሪካዊ ዋናተኛ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳንቺው ዓይነት 1 ስኳር ተገኘበት። በዓመቱ፣ ኃይሌ ቴርጋትን ለጥቂት በቀደመበት በሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በ50 ሜትር ዋና ወርቅ ወሰደ። ስለዚህ ሥራውን ተዪው አልልሽም።

ለልጁ ግን ንገሪው። መለኪያሽ የት ኪስ እንዳለ አንቺው አሳዪው። ስኳርሽ ከ70 በታች ከወረደ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይስጥሽ፤ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ራስሽን ከሳትሽ በአፍሽ ምንም እንዳያደርግ። ያኔ ግሉኮሱ በደም ሥር ነው፤ እሱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቃሬዛ ስትሸከሚ የዋልሽ ቀን ስኳርሽ ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝተሽም ሊወርድ ይችላል። ሳትለኪ አትተኚ። ኢንሱሊኑንም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው።

እናትሽ ለመለኪያሽና ለስኳሩ ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳ ሰፍታልሻለች። ቅዳሜ ነይና ውሰጂ። ልጁንም ይዘሽው ነይ፣ ቡና ይጠጣል።

አባትሽ